መጨረሻ የሚሄዱት ሰው

ጋሽ መኩሪያ ማረፋቸውን የሰማሁት በሰኔ ወር አንድ ማለዳ፣ ከእድራችን ለፋፊ ነው። ለፈተና እያጠናሁ ነበር። ለፋፊው በሰፈራችን በካራ ኮረኮንች መንገድ ላይ እየሄደ፣ ድምፅ ማጉያውን ወደየአጥሩ እያዞረ ስማቸውን ሲጠራ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ግቢያችን ውስጥ በቅርቡ የገባ ተከራይ ቧንቧው ሥር ፊቱን እየታጠበ «የትኛው መኩሪያ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ መለሰችለት።

«ያ እንኳን፣ እንጦጦ ላይ መንገድ ጠፍቶበት የነበረው ሽማግሌ። ሁልጊዜ በሩ ላይ ተቀምጦ የምታየው።»

«እህ፣ አወቅኳቸው» አለና መታጠቡን ቀጠለ።

የሰፈሩን ሰው ለብዙ ዓመታት በየቅዳሜው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሲመሩ የኖሩ፣ አንድም ቀን ሰው ጥለው ያልተመለሱ ሰው፣ በሞቱበት ጠዋት የታወቁት በዚህ ነው። ነገሩ ግን እውነት አይደለም። ጋሽ መኩሪያ መንገድ አልጠፋባቸውም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስምንት ወር ሙሉም ዝም ብያለሁ።

የጋሽ መኩሪያ ቤት ከእኛ ቤት ስድስተኛው ነው። ጡረታ የወጡት ከአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው፤ እሳቸው ግን ሥራዎ ምን ነበር ሲባሉ ንብረት ክፍሉን አንሥተውት አያውቁም። «መብራት ጠባቂ ነበርኩ» ይላሉ። አዲስ ሰው ትራንስፎርመር የሚጠብቁ ዘበኛ ይመስሉታል። እሳቸው ግን የሚሉት የባሕሩን መብራት ነው። ከምጽዋ ወዲያ ባለች አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ፣ በጥንት ጊዜ የተሠራ፣ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ ረጅም የመብራት ማማ ነበር። ጋሽ መኩሪያ ከሸዋ ደጋ ወርደው፣ ባሕር በዓይናቸው ሳያዩ፣ ገና ጢም ሳያወጡ እዚያ ተቀጠሩ። አራት ዓመት ሠሩ። ዛሬ ደሴቷ ድንበር ማዶ ናት፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲህ አላዩዋትም።

ከደሴቷ ይዘው የመጡት አንድ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ነው። ክርኑ ላይ እራፊ ተጥፎበታል፣ ቁልፎቹ የተለያዩ ናቸው፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። «ቢጫዋ» እንላታለን። ሌላው ከዚያ የመጣ ነገር የእጃቸው ልማድ ነው። መነጽራቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ሁለቴ እፍ ይሉበትና በአውራ ጣታቸው ከመሀል ወደ ዳር እያዞሩ ያሹታል። የሻይ ብርጭቆም ቢሆን፣ የሰዒድ ሚኒባስ መስኮትም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሰዒድ የሰፈራችን ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ እንጦጦ ራጉኤል ያደርሰንና ዞሮ በየካ በኩል ከጫካው በታች ይጠብቀናል። «ጋሼ፣ መስታወቴን በማሸት ጨረሱት እኮ» ይላቸዋል። «አንተ ዝም በል፤ በዚህ መስታወት መርከብ ቢሆን ገደል ትገባለህ» ይሉታል።

ከራጉኤል ተነሥቶ በሸንተረሩ ወደ የካ በሚወርደው መንገዳችን ላይ አንድ ክፉ መገንጠያ አለ። የቀኙ መንገድ ከተማው ሁሉ ወደሚታይበት ሜዳ ያወጣል። የግራው ሲጀምር ሰፊና የሚያምር ነው፤ ግን ትንሽ እንደሄዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሸፈነው ተዳፋት ይሆንና ወደ ሸለቆ ይወስዳል። ጋሽ መኩሪያ እዚያ አንድ ሰው ያቆማሉ፤ ቢጫዋን ያለብሱታል። «አንተ ማማ ነህ» ይሉታል። ማማ የሆነ ሰው የመጨረሻው ተጓዥ እስኪደርስ ንቅንቅ አይልም። የመጨረሻው ተጓዥ ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ሲደርሱ ትከሻውን መታ ያደርጉና «ተረክቤሃለሁ» ይላሉ። ይህን ሳይሰማ ቦታውን የሚለቅ የለም። ደሴቷ ላይም መብራት ጠባቂዎቹ የሚቀይራቸው ሰው መጥቶ በአፉ «ተረክቤሃለሁ» ሳይላቸው አይወርዱም ነበር።

አንድ ቀን ሰዒድ ተረኛ ሆኖ «ጋሼ፣ ሽንቴ ቢመጣስ?» አላቸው።

«ማማ ሽንት የለውም።»

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ስሙ ልጆች» አሉ፣ «የጠፋ መብራት መርከብ ያስቆማል። ባሕረኛው ጨለመብኝ ብሎ ይጠነቀቃል። ቦታውን የለቀቀ መብራት ግን መርከብ ይሰብራል። አምኖት ነው እኮ የሚመጣው።»

ይህን አባባል ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ። ብጠየቅ በቃሌ እወጣው ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ትልቅ አለት ላይ ቆሎ እየቆረጠምን እንቀመጣለን። ያኔ «ጉብኝት» ይጀመራል። ዓይናችሁን ጨፍኑ ይሉናል። ጀልባዋ ታደርሰንና እንወርዳለን። «ጫማችሁን አውልቁ፤ አሸዋው ይገባባችኋል። አሁን መንገድ ምረጡ» ይላሉ። ሦስት መንገድ ነበር፦ ፍየሎቹ የሚሄዱበት ሾሃማው፣ ውኃ የሚቀዱ ሰዎች የሚመላለሱበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ብቅ የሚለው የዳርቻው መንገድ። እኛ ሁልጊዜ የዳርቻውን እንመርጥ ነበር። «ፈጠን በሉ እንግዲህ፤ ባሕሩ ሲመለስ አይለማመጥም» ይላሉ። ነጭ ቀለሙ በጨው የተላጠ ማማ ሥር እንደርሳለን። ዘጠና ሁለት ደረጃ ነው። አንድ በአንድ ይቆጥሩልናል፤ አርባ ላይ የሚያንቀላፋ አይጠፋም። ከላይ ስንደርስ «መስታወቱን በእጅ እንዳትነኩ! የጣታችሁ አሻራ ከባሕር ላይ ይታያል» ብለው ይቆጣሉ። ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ ይሉናል። ከሥራችን የአዲስ አበባ ቆርቆሮ ጣሪያ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ እውነቴን ነው፣ ባሕር ይመስላል።

ጉብኝቱ የሚያልቀው ግን እዚያ አልነበረም። እንደገና ዓይን ተጨፍኖ ደረጃውን እንወርዳለን። ከታች፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ የድንጋይ መደብ አለ። «እዚህ አባ ዐሊ ይቀመጣል። ሰላም በሉት» ይላሉ።

«ሰላም ነው፣ አባ ዐሊ?» እንላለን በአንድ ድምፅ።

አባ ዐሊ ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። የጨዋታው ማለቂያ ነበር የመሰለን።

ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ ለክፍል ጓደኞቼ ስለ ጋሽ መኩሪያ ማውራት አበዛሁ። ከአዲስ ሰዎች ጋር ስሆን የምታወቅበት ነገር እፈልግ ነበር፤ ሌሎቹ እንግሊዝኛቸው አለ፣ ልብሳቸው አለ፣ እኔ ጋሽ መኩሪያ ነበሩኝ። በጥቅምት መጀመሪያ የክፍላችን ተወካይ ናሆም «እስቲ ሰውዬሽን አሳዪን» አለኝ። አሥራ ስምንት ሆነን ወጣን። አንድ መምህራችንም «እኔም እግሬን ላፍታታ» ብለው መጡ። ጋሽ መኩሪያ ያን ጠዋት ፂማቸውን ተላጭተው፣ ጫማቸውን ቀለም ቀብተው ነበር። መምህሩን ሲጨብጡ «ሶስና የኔ ተማሪ ናት፤ እርስዎ ገና አሁን ነው የተረከቧት» አሏቸው። መምህሩ ሳቁ። እኔ በኩራት የምቆምበት ጠፋኝ።

መገንጠያው ላይ ስንደርስ ጋሽ መኩሪያ ቢጫዋን አውጥተው በትከሻዬ ላይ ጣሉ። «ዛሬ ማማዋ አንቺ ነሽ። መምህርሽ ይዩሽ» አሉ። እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሀያት የምትባል ጓደኛችን አዲስ ጫማ አድርጋ መጥታ ተረከዟ ተልጦ ነበርና ከእሷ ጋር ቀስ ብለው እየመጡ ነው። ሌሎቹ አንድ በአንድ አጠገቤ እያለፉ ወደ ሜዳው ወጡ። ናሆም ሲያልፍ «ትራፊክ ፖሊስ ሆንሽ?» አለኝ። ሳቁብኝ። ካፖርቱ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ የድሮ ፕላስቲክ ይሸታል። ዘለፋው እንዳልነካኝ ለማስመሰል እኔም ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ናሆም እየሮጠ ተመለሰ።

«ሶሲ! መምህር ግሩፕ ፎቶ እንነሣ እያሉ ነው። ጉም እየመጣ ነው፣ ቶሎ በይ።»

«ጋሼ አልደረሱም እኮ።»

«በናትሽ አታካብጂ! ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሄዱበት መንገድ አይደል? መምህር ደግሞ ‹ይህን ያዘጋጀችው ልጅ የታለች?› እያሉ ነው።»

የሄድኩት ለመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። ጉሙንም አይቻለሁ፤ ከሸለቆው እየተነሣ ነበር። ቢጫዋን ለብሼ ፎቶ ላይ መቆም አልፈለግሁም። አውልቄ የምሰቅልበት ፈለግሁ። ባሕር ዛፍ ግንዱ ልሙጥ ነው፤ ቅርንጫፉ ከላይ ነው፣ እጅ አይደርስም። የተቆረጠ ጉቶ ሲያቆጠቁጥ ብቻ ነው ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ የሚገኘው። እንደዚያ ያለ ጉቶ አንድ ነበር፤ እሱም በግራው መንገድ አፍ ላይ፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ። ቢጫዋን እዚያ ሰቀልኳትና ሮጥኩ።

አንድ ደቂቃ ነው ብዬ ነበር። ግን በአንዱ ስልክ ሲያልቅ በሌላው ይነሣል። አንዱ ሙዚቃ ከፈተ። መምህሩ አጠገባቸው አቆሙኝና «እንደዚህ ያለ ተነሣሽነት ነው የምንፈልገው» አሉ። በዚያ መሀል ከጫካው ውስጥ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ከሩቅ ነው፣ ከሸለቆው በኩል። እንጦጦ ላይ ድምፅ አይጠፋም፤ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች ይጣራሉ። እነሱ ናቸው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ፎቶው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሁሉም ወደ ካሜራው ሲያዩ እኔ አንገቴን ትንሽ ወደ ጫካው አዙሬያለሁ። ጥርሴ ግን ይታያል።

ሀያት እያነከሰች ብቻዋን መጣች። «ጋሼ ከኋላ ናቸው። መገንጠያው ጋ ስንደርስ ‹ቀኙን ይዘሽ ድምፃቸውን ተከተዪ፤ እኔ አንድ ነገር ልይና እመጣለሁ› አሉኝ።»

«ምን ሊያዩ?» አላት ናሆም።

«እኔ ምን አውቄ! ሽማግሌ ሰው ጫካ ውስጥ ‹አንድ ነገር ልይ› ሲል ምን ተብሎ ይጠየቃል?»

ሳቁ። ወደ ሚኒባሱ ወረድን። መምህሩ መንገዱን ሁሉ ስለ ትምህርቴ እየጠየቁኝ ስለወረዱ ወደ መገንጠያው አልተመለስኩም። ጋሽ መኩሪያ ቢጫዋን አይተው ያነሷታል፣ በኋላ ትንሽ ይቆጡኛል ብዬ አሰብኩ። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሰዒድና ናሆም በቀኙ መንገድ ሊፈልጓቸው ወጥተው ሳያገኟቸው ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ «በግራው ፈልጉ» ማለት እችል ነበር። በውስጤ አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ግን «ለምን በግራው?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? መምህሩ አጠገቤ ቆመው ነበር። 

ያመጧቸው እንጨት ለቃሚዎቹ ናቸው። አራት ሴቶች ሸክማቸውን ጥለው፣ ሁለት አጠና በሸክም ገመዳቸው አስረው፣ ነጠላ አንጥፈውበት ተሸክመዋቸው ከሸለቆው በኩል ወጡ። የጋሽ መኩሪያ ቁርጭምጭሚት ተሰብሮ ነበር። ልብሳቸው ጭቃ ነው። በብብታቸው ሥር ቢጫዋ በሥርዓት ታጥፋ ነበር።

«ጋሼ! ምን ሆኑ?» አለ ሰዒድ፤ እንደ ልጅ እያለቀሰ ነበር።

ድምፃቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የመለሱት። «መንገድ ጠፋኝ።»

«እርስዎን?»

«አዎ። አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

እኔን አላዩኝም። አንዲቷ ሴት ላቧን እየጠረገች ወደ እኔ ጠጋ አለችና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሶስና ማናት? ልጃቸው ናት? እሷን ሲጣሩ ሰምተን ነው የደረስንላቸው» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ስሜን ነው አላውቀውም ያልኩት።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ቢጫዋን ያለ ሰው ሲያዩዋት፣ በግራው መንገድ አፍ ላይ፣ በጉም ውስጥ፣ ልጅቷ ተንሸራትታ ወርዳለች ብለው አስበዋል። ሀያትን እንዳትደነግጥ ወደ ቀኝ ልከው እኔን ፍለጋ ገቡ። እኔ ከመገንጠያው መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ፎቶ እየተነሣሁ ነበር።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሰ። «መኩሪያን መርሳት ጀምሮታል።» «ትናንት እንኳ ሰላም ስለው ቆይቶ ነው የመለሰልኝ።» ሰው አንዴ ካመነ ማስረጃ አያጣም። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ፈሩ፤ የገዛ ወንድማቸው በስተርጅና ከቤት ወጥቶ ጠፍቶ የተገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ስለዚህ እግራቸው ድኖ በከዘራ መራመድ ሲጀምሩ ጫማቸውን ደበቁባቸው። ጋሽ መኩሪያ በነጠላ ጫማ፣ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር፣ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው መዋል ጀመሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወጣው ቡድን መሪ አጥቶ ቀረ።

እኔ ወደ ትምህርት ቤት የምሄድበት መንገድ በበራቸው ያልፋል። በጀርባ ባለው የውኃ መውረጃ ጥግ መሄድ ጀመርኩ። እናቴ «ጫማሽ ለምን ይጨቀያል?» ስትለኝ «አቋራጭ ነው» አልኳት። አቋራጭ አልነበረም፤ እንዲያውም ይርቃል።

በመጨረሻ በየካቲት ወር ሙዝ ገዝቼ ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት፤ ይህን ለራሴ ምስክርነት ልስጥ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው።

«መጣሽ? የዩኒቨርሲቲ ሰው እኮ አይገኝም። ቁጭ በይ። እኔ እንኳን እንዳልነሣልሽ ጫማዬ ታስሯል።»

«ታስሯል?»

«ብርቄ አስራዋለች። ዋስ የሚሆንለት ሰው ጠፋ።» ሳቁ። ከዚያ ሁለቴ እፍ ብለው መነጽራቸውን ጠረጉ። «አንቺ አትሆኚውም?»

ሳቅሁ። ከሳቅ ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣም። እሳቸው ትንሽ ጠበቁኝ። ከዚያ ያልጠየቅኳቸውን ነገር ማውራት ጀመሩ።

«አባ ዐሊን ታስታውሺዋለሽ? መደቡ ላይ የሚቀመጠውን። አለቃዬ ነበር። የዚያው አገር ሰው ነው፤ ባሕሩን በጠረኑ ያውቀዋል። አንድ ቀን ንጋት ላይ እሱ እስኪቀይረኝ እየጠበቅሁ ነው፣ የስንቅ ጀልባ መጣች። ከእናቴ ደብዳቤ እጠብቅ ነበር። ‹ተረክቤሃለሁ› ሳይለኝ ወረድኩ። መብራቱን በርቶ ትቼው። ነበልባሉ ከፍ ብሎ ትልቁን መስታወት ሰነጠቀው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ‹ማን ነበር?› አለ። አስረክቤ ነው የወረድኩት አልኩ። ወጣት ነኝ፣ የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ እናቴ በእኔ ነው የምትኖረው። አባ ዐሊን አባረሩት። ጀልባዋን እየጠበቀ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ፍራሹን ጠቅልሎ። አጠገቡ ሳልፍ ‹መኩሪያ፣ ደህና ሁን› አለኝ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። ያውቅ ነበር እኮ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መጨረሻ የምሄድ ሆንኩ።» ወደ እንጦጦ አዩ። «ማማው አይደለም የሚናፍቀኝ። ማማው ድንጋይ ነው። አንድ ቀን ሄጄ ‹አባ ዐሊ፣ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ› ልለው ነበር የማስበው። በየት ልሂድ? ባሕር አለ፣ ድንበር አለ። እሱስ በሕይወት አለ? እናንተን ዓይናችሁን እያስጨፈንኩ ሰላም አስብለዋለሁ። እሱ ግን እኔ ካላልኩት አይቆጠርም።»

ይህን ሁሉ ለምን እንደሚነግሩኝ አውቄ ነበር። በሩን ከፍተው ቆመውልኛል። እሳቸው ባሕርና ድንበር ነበረባቸው፤ እኔ በስድስት ቤት ርቀት ላይ ነበርኩ፣ በመካከላችን አንድ ዘንቢል ሙዝ ብቻ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ሙዝ ልላጥልዎት?» አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ባይ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«ላጪልኝ እስቲ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አየኋቸው፣ ሁለቱንም ከሩቅ። በሰኔ አረፉ።

በሦስተኛው ቀን ከእናቴ ጋር ለቅሶ ቤት ገባሁ። ድንኳኑ ውስጥ ጨዋታ ተጀምሮ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ትንሽ ይተነፍሳል። ሰዒድ «ማማ ሽንት የለውም» ያሉትን ሲያወራ ለቀስተኛው ሳቀ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እዚያች መገንጠያ ላይ መንገድ ይጠፋባቸዋል ብሎ ማን ያስባል? ዕድሜ ክፉ ነው።»

«ክፉ ነው» አሉ ሁሉም።

እትዬ ብርቄ ቀና አሉ። «ጫማውን ባልደብቅበት ኖሮ ጅብ ነበር የሚበላብኝ። ይህን ሁሉ ወር ‹ብርቄ፣ አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ› እያለ ሲለምነኝ ጨከንኩ። ግን ላድነው ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉ ከሰው ሁሉ ማረጋገጫ እየፈለጉ ነበር። ሰው ሁሉ «ደግ አደረጉ፣ ደግ አደረጉ» አላቸው። እናቴም አለች። ቀጥሎ የእኔ ተራ ነበር።

«መንገድ አልጠፋባቸውም» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። ሰው ዞር አለ። ከቢጫዋ ጀምሬ ነገርኳቸው፦ ስለ ጉቶው፣ ስለ ፎቶው፣ ሀያት ስላለችው፣ እንጨት ለቃሚዋ ስለጠየቀችኝና ስለመለስኩላት። እናቴ ነጠላዋን በአፏ ላይ ያዘች። ሰዒድ አንዴ «አንቺ!» አለ።  ስጨርስ እትዬ ብርቄ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ድምፁ የተዘጋው አንቺን ሲጠራ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ እርዱኝ ሲል መስሎኝ ነበር።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ሰምተሽው ነበር?»

ይህን አልነገርኳቸውም ነበር። ለራሴም ተናግሬው አላውቅም። እንጨት ለቃሚዎች ናቸው ማለት እችል ነበር፤ ማንም አያጣራውም።

«ሰምቻለሁ» አልኩ። «ስሜን ነበር። ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ።»

እትዬ ብርቄ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ጫማውን ይዘው ነው። የደበቁት ዱቄት ማስቀመጫው በርሜል ውስጥ ነበር፤ ያን የጥቅምት ጠዋት የተቀባው ጥቁር ቆዳ ነጭ ሆኗል። ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲህ አንቺ ያዢው» አሉ። «እኔ ላየው አልችልም።»

አልሰደቡኝም። እስከ ዛሬም አልሰደቡኝም።

ፈተና ካለቀ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ሰዒድ የሰፈሩን ሰው ወደ እንጦጦ አወጣ። እትዬ ብርቄም እመጣለሁ አሉ፤ ወጥተው አያውቁም ነበር። መገንጠያው ላይ ስንደርስ ሰዒድ ቢጫዋን ከፌስታል አውጥቶ ምንም ሳይል ሰጠኝ። ለበስኳት። ሰው ሁሉ አጠገቤ አለፈ። ከሜዳው ሳቅና ጫጫታ ይሰማኛል። አልተነቃነቅሁም። ትንሽ ካፊያ ጀመረ፤ ቆየ፣ አባራ። እትዬ ብርቄ ከሁሉም ኋላ ነበሩ፤ ዳገቱ አድክሟቸዋል። ሳያዩኝ ከታች ሆነው ተጣሩ።

«ሶስና!»

«አቤት!» አልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ።

አጠገቤ ደርሰው ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ጉቶውን አዩት፤ ቡቃያው አሁን ከእኔ ቁመት በልጧል።

«በየት ነው የወረደው?»

በእጄ አሳየኋቸው። የግራውን መንገድ ብዙ አዩት። ከዚያ ከዘራውን፣ የጋሽ መኩሪያን ከዘራ፣ ወደ ቀኝ አዙረው ሄዱ። ትከሻዬን አልነኩኝም። «ተረክቤሻለሁ» የምትለዋን ቃልም አላሏትም፤ የሚሏት ሰው አሁን የሉም። ከኋላቸው የሚመጣ ሌላ ሰው እንደሌለ ባውቅም ትንሽ ቆሜ ቆየሁ።